ለክረምት ወሎ ገብታችሁ ኮምፒውተር ልታስተምሩ ነው? ሻንጣ ከመዝጋታችሁ በፊት

መጀመሪያ ጉዴን ልንገራችሁ። የዛሬ ጥቂት ዓመት ክረምት ላይ ከምኖርበት አሜሪካ ተነስቼ ደሴ ገባሁ። ስድስት ያገለገሉ ላፕቶፖች ነበሩን፤ ከዘመድ ጋር ተከፋፍለን ነው ያመጣናቸው። ከደሴ ወደ ሰሜን ባለች አንዲት ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መሠረታዊ ኮምፒውተር ላስተምር ነው። የመጀመሪያው ቀን፣ የመጀመሪያው ሰዓት። ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ተደርድረው ያዩኛል። ከአሜሪካ ያመጣሁትን ባለ ስድስት ቀዳዳ ዲቫይደር ግድግዳው ላይ ሰካሁት። ጧ! ጭስ፣ ሽታ። የክፍሉ መብራትም አብሮ ሄደ። ልጆቹ ሳቁ። አንዱ ከኋላ ሆኖ «አብሽር ቲቸር!» አለኝ።

ነገሩ ቀላል ነበር። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። የላፕቶፖቹ ቻርጀሮች ሁለቱንም ይችላሉ። ዲቫይደሩ ግን ውስጡ ያለው የመብራት መከላከያ ለ120 ብቻ የተሠራ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ስዘጋጅ ከርሜ ይህችን አላየኋትም። ስላይድ ሳሳምር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ሄጃለሁ። ገንዘብም ዕቃም ሳይኖራችሁ ለመሄድ ለምታስቡ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ። አንድ ነገር ግን ከፊት ላስቀድም። የምትዘጋጁት እናንተ እዚያ ለምትቆዩባቸው ስድስት ሳምንታት ብቻ አይደለም። እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ የኮምፒውተር ክፍሉን (የላቡን) ቁልፍ ለሚይዘው ሰው ነው። ምን ዕቃ ልግዛ፣ ምን ፕሮግራም ልጫን፣ ምን ላስተምር የሚለውን ሁሉ «እሱ ብቻውን ይችለዋል ወይ?» እያላችሁ መዝኑት።

1. ከመግዛት በፊት መደወል

ዳይሬክተሩን ብቻ አታናግሩ። ዳይሬክተሩ ደግ ሰው ነው፣ እንግዳ ማሳፈር አይፈልግም፣ «ሁሉም አለ፣ ብቻ ኑ» ይላችኋል። የአይሲቲ መምህሩን ወይም የላብ ቴክኒሻኑን ስልክ ጠይቁና እሱን አግኙት። ቁልፉን የሚይዘው እሱ ነው። ከእናንተ በኋላ የሚቀረውም እሱ ነው።

«ስንት ኮምፒውተር አላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ዛሬ ብትከፍታቸው ስንቱ ይነሳል?» በሉት። ሃያ አለን በሚሉበት ቤት ሰባት የሚነሳበት ጊዜ አለ። ቀጥሎ በስልኩ ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ለምኑት፦ የክፍሉን፣ የሶኬቶቹን፣ የሲፒዩዎቹን ጀርባ፣ የመስኮቱን። ከፎቶው ብዙ ነገር ታያላችሁ። ሶኬቱ ስንት ነው? ጣሪያው ያፈሳል? መስኮቱ ብረት አለው? ፀሐይ በየት ትገባለች?

ስለጠፋ ዕቃ ስትጠይቁ ለስለስ በሉ። በ2014ቱ ጦርነት በወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ዕቃቸው ተዘርፏል፣ ወድሟል። ጠረጴዛው ባዶውን የቀረበት ላብ አለ። ለእናንተ የዕቃ ቆጠራ ነው፤ ለሚመልሰው ሰው ግን ያ ብቻ አይደለም።

መንገዱንም በዚያው ጠይቁ። አዲስ አበባ–ደሴ በደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴና ኮምቦልቻ አድርጎ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኮምቦልቻና ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ አላቸው። የፀጥታው ነገር ግን ከወር በፊት በሰማችሁት አይወሰንም። በምትነሱበት ሳምንት፣ እዚያው ያለ ሰው የሚላችሁን ስሙ። «ትንሽ ቆዩ» ካላችሁ ቆዩ።

2. ቀኑንና ሰዓቱን ከአገሩ ጋር ማስማማት

ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት የለም፣ ላቡ ባዶ ነው። ለዚህ ነው ሁላችንም ክረምት የምንመርጠው። ባዶ የሆነው ግን ላቡ እንጂ ልጆቹ አይደሉም። በልግ አብቃይ በሆኑት ደጋዎች ሰኔና ሐምሌ አጨዳ አለ። ነሐሴ አረም አለ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፤ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የሚጾመው ጾም። ያልበላ ልጅ ከሰዓት በኋላ ስለ ፎልደር ብትነግሩት አይሰማችሁም። በዓሉን ተከትሎ በላሊበላ አሸንድዬ፣ በቆቦ በኩል ሶለል አለ፤ ሴቶቹ ተማሪዎች በዚያ ሳምንት አይመጡም፣ መምጣትም የለባቸውም። ዓርብ ጁምዓ ስላለ ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ ክፍል አትያዙ። አረፋና መውሊድ በየዓመቱ ስለሚዞሩ የዘንድሮውን ቀን አስቀድማችሁ እዩ። ባቲ ከሆናችሁ ደግሞ ሰኞን እርሱት። የባቲ ሰኞ ገበያ ነው።

የኔ ምርጫ ጠዋት ነው። ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት። የክረምቱ ዝናብና መብረቅ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚበረታው።

ቀጠሮ ስትሰጡ በሐበሻ ሰዓት ስጡ። ውጭ ብዙ የኖረ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። እኔ «በስምንት እንገናኝ» ብዬ ጠዋት ተገኘሁ፤ እነሱ ከምሳ በኋላ መጡ። ይህም ግን ወደ ትምህርት ይለወጣል። የኮምፒውተሩ ሰዓት 9፡00 ሲል ለምን ሦስት ሰዓት እንደሆነ ማስረዳት ጥሩ የመጀመሪያ ቀን ወሬ ነው።

3. ምን ይያዝ፣ ምን ይቅር

ላፕቶፕ ይሻላል። ያረጀም ቢሆን ባትሪ አለው፣ መብራት ሲሄድ ሥራው አይጠፋም። ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ላፕቶፖች ከአዲስ ርካሽ ላፕቶፕ ይጠነክራሉ። 8 ጊጋባይት ራም ካለው ግሩም፣ 4 ካለው ይበቃል። ሃርድ ዲስኩ የድሮው ዓይነት ከሆነ ኤስኤስዲ ወደሚባለው ፈጣን ማከማቻ ቀይሩት። በአሮጌ ማሽን ላይ ከዚህ የበለጠ ለውጥ የሚያመጣ ነገር አላውቅም። አምስት ደቂቃ ሲነሳ የነበረ ማሽን በግማሽ ደቂቃ ይነሳል።

እያንዳንዱን ቻርጀር ገልብጡና ትንሹን ጽሑፍ አንብቡ። «100–240 ቮልት» ካለ ችግር የለም፣ ባለ ሁለት ክብ እግር መቀየሪያ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ዲቫይደርና ስታብላይዘር ከውጭ አታምጡ፤ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ግዙ። ዴስክቶፕ ከአሜሪካ የምታመጡ ከሆነ ከኋላው ቀይ መቀያየሪያ እንዳለው እዩ። 115 ላይ እንዳለ 220 ላይ ከሰካችሁት ፓወር ሰፕላዩን ደህና ሁን በሉት።

ባትሪና ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው፣ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም። ፓወር ባንኩ ከ100 ዋት-ሰዓት እንዳይበልጥ፤ ይህ 27,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ገደማ ነው። ከአንድ በላይ ላፕቶፕ ከያዛችሁ ጉምሩክ ይጠይቃል። ተቀባዩ ትምህርት ቤት ማህተም ያለበት ደብዳቤ አስቀድሞ ይጻፍላችሁ፣ ቀረጡንም ሳትሳፈሩ አጣሩ። ቦሌ ቆሞ መከራከር ጥሩ አጀማመር አይደለም።

ትናንሽ ዕቃዎች ናቸው ቀኑን የሚያድኑት። እኔ የማይቀሩብኝ እነዚህ ናቸው፦

ቁጥሩ ሲአር2032 የሆነ ክብ ባትሪ፣ አሥር ፍሬ። የድሮ ዴስክቶፕ በተነሳ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ ዘመን እየተመለሰ የሚያስቸግራችሁ ይህ ባትሪ ስላለቀ ነው። ቀኑ ሲበላሽ ደግሞ ኔት እያለ እንኳ ድረ ገጾች አልከፈት ይላሉ፤ ሰው ኔቱን ይሰድባል።

የብሎን መፍቻ፣ ለስላሳ ብሩሽና ላጲስ። ላጲሱ ለተማሪ አይደለም። አልነሳ ብሎ ጢጥ ጢጥ የሚል ዴስክቶፕ ብዙውን ጊዜ ራሙ ነው። ከመብራት ንቀሉት፣ ራሙን አውጡ፣ ወርቅማውን ጥርስ በላጲስ በቀስታ ፈትጉት፣ ጥራጊውን አራግፉና መልሱ። «ሞቷል» ከተባሉ ስምንት ማሽኖች ሦስቱን በአንድ ከሰዓት ያስነሳሁት በዚህ ነው። ቴክኒሻኑም ከዚያች ቀን ወዲህ ነው የወደደኝ።

አሥር ፍላሽ፣ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ የሱም ሁለተኛ ቅጂ። አንድ ርካሽ ራውተር። ለፕሮጀክተር ሦስት ሜትር ነጭ አቡጀዲ፤ እዚያው ይገኛል።

ፕሪንተር አታምጡ። ቀለሙ ካለቀ ዕቃ መደርደሪያ ይሆናል። ፎቶ ኮፒ ቤት በየከተማው አለ።

4. «ኔት የለም» ብሎ መነሳት

ኔት ቢኖር እሰየው። ግን በሱ ላይ አትደገፉ። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በደህናው ጊዜም ሠላሳ ሰው አንድ የሞባይል ካርድ ላይ ሲንጠለጠል ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ ካላችሁበት አውርዳችሁ ኑ።

ሊብሬኦፊስን (በወርድና በኤክሴል ፈንታ የሚሠራ ነፃ ፕሮግራም ነው) ለዊንዶውስም፣ በዊንዶውስ ፈንታ ለሚጫነው ለሊኑክስም አውርዱ። ኪዊክስ ዊኪፔዲያን ያለ ኔት ያስነብባል። ሙሉው እንግሊዝኛ ከነምስሉ ከ100 ጊጋባይት ስለሚበልጥ በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈውንና የአማርኛውን ያዙ፤ ፍላሽ ላይ ይገባሉ። ኮሊብሪ የሒሳብና የሳይንስ ቪዲዮዎችንና መልመጃዎችን በአንድ ላፕቶፕ ላይ ይጭንና በራውተሩ አማካኝነት ለሌሎቹ ያካፍላል። ራውተሩ ኔት አያስፈልገውም፣ መብራት ብቻ። ተማሪዎቹ በስልካቸውም ይገቡበታል። ጂኮምፕሪ ለትንንሾች የተሠራ ጨዋታ ነው፤ ማውዝ ነክቶ ለማያውቅ አዋቂም ግን ከሱ የተሻለ ማለማመጃ አላገኘሁም። ልጆች ፕሮግራም መጻፍ የሚለማመዱበትን ስክራችንም ያለ ኔት የሚሠራውን ያዙ።

ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ? እዚህ ላይ ሰው ይጣላል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በጥቅምት 2018 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ አሮጌ ማሽኖችን በወጉ አይቀበልም። በዚህ ሒሳብ ሊኑክስ ሚንት ያሸንፋል፦ ነፃ ነው፣ ቀላል ነው፣ የፍላሽ ቫይረስም አይነካውም። ግን ልጁ ነገ ሥራ የሚጠይቅበት ቢሮ፣ ጎረቤት ያለው የጽሕፈት ቤት፣ ሁሉም ዊንዶውስና ወርድ ነው። እኔ ለሁለት እከፍላለሁ። ደካሞቹን ማሽኖች ሚንት፣ ጠንካሮቹን ዊንዶውስ። ተማሪው በሁለቱም ሲጽፍ «ፋይል ማስቀመጥ» የትም አንድ መሆኑ ይገባዋል። የሚቀረው መምህር ሊኑክስ አላውቅም ካለ ግን አታስገድዱት። እናንተ ስትሄዱ የሚቆለፍ ማሽን ነው የምትተዉለት።

5. በአማርኛ መጻፍ፦ ከሁሉ በፊት

ብዙ አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይጀምራል። እኔም ጀምሬ ነበር። ልጁ ፊደሉንም፣ ማውዙንም፣ ቋንቋውንም በአንድ ቀን ሲታገል ይደክመዋል። አንድ ቀን ኪማን የሚባለውን ነፃ የኪቦርድ ፕሮግራም ጫንኩና «ስማችሁን ጻፉ» አልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ጫጫታ። አንዷ የእናቷን ስም ጻፈችና በስልኳ ፎቶ አነሳችው።

አሠራሩ በድምፅ ነው። ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ስትነኩ «ሰላም» ይወጣል። ትንሿን ቲ ብትነኩ ት፣ ሺፍት ይዛችሁ ብትነኩ ጥ። ለፊደሉ መልክ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የሚባሉትን ነፃ ፎንቶች ጫኑ።

ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው የድሮ ፋይል ነው። ትምህርት ቤቱ ዓመታት ያጠራቀመው ፈተናና ደብዳቤ በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ግዕዝ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደሎች የጋራ የኮምፒውተር ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ የድሮዎቹ ፕሮግራሞች ግን የላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር ግዕዙን የሚስሉት። ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ስትከፍቱት ዝብርቅርቅ የላቲን ፊደል ይሆናል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ፎንቱ ነው የጎደለው። ይህን የምታውቁ ከሆነ ጸሐፊዋ ትወዳችኋለች። ፎንቱን ሳታስቀምጡ ኮምፒውተሩን ፎርማት ካደረጋችሁ ደግሞ አትወዳችሁም።

ሁለተኛው ሞክሼ ፊደል ነው። በንባብ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ናቸው። ግማሹ ተማሪ ከተማዋን «ሐይቅ» ብሎ፣ ግማሹ «ሀይቅ» ብሎ ከመዘገበ አንዱን ስትፈልጉ ሌላው አይወጣም። ፀሐይና ጸሃይም እንደዚሁ። ስለዚህ ስም ዝርዝር ከመጀመራችሁ በፊት አንድ አጻጻፍ ተስማሙና ሰሌዳው ላይ ጻፉት። እኔ ከዚህ የተሻለ የኤክሴል ትምህርት መግቢያ የለኝም፤ ልጆቹ ራሳቸው ይከራከራሉ፣ መሪጌታ የሆነ አባት ያለው ልጅ ያሸንፋል።

ስም ላይ ሌላም አለ። የውጭ ፎርሞች «የመጀመሪያ ስም፣ የቤተሰብ ስም» ይላሉ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ሦስት ዓምድ ሥሩ፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ወሎ ውስጥ አንድ ሰው ሐሰን ሆኖ አባቱ ተስፋዬ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ከስም ተነስታችሁ ምንም አትገምቱ። ከሚሴና ባቲ በኩል ኦሮምኛ ተናጋሪ ተማሪዎች ካሏችሁ እነሱ ቀለል ይላቸዋል። ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ ያለ ምንም ተጨማሪ ፕሮግራም ይጻፋል።

ቀንም እንደዚሁ ነው። ኤክሴል ጳጉሜን አያውቅም። የእኛን ቀን እንደ ተራ ጽሑፍ ወይም ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሦስት ዓምድ አስገቡት። አለዚያ የማታውቁት ቀን ይጽፍላችኋል።

6. የመብራት ሒሳብ

እርሳስ ያዙ። ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ 150 ዋት ያህል ይፈጃል ብላችሁ አስሉ። አሥራ ሁለት ቢሆን 1,800 ዋት። 10 አምፔር የሚችል አንድ መስመር በ220 ቮልት 2,200 ዋት ነው የሚሸከመው። ይበቃል ማለት ነው፤ የሻይ ክበቡ ምድጃ በዚያው መስመር ላይ ካልተሰካ። አንድ ምድጃ ብቻውን ሁለት ሺህ ዋት ሊወስድ ይችላል። እኛ ዘንድ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ የሚጠፋው ለካ የሻይ ሰዓት ስለሆነ ነበር። ላፕቶፕ ከሆነ በ65 ዋት ቻርጀር አሥራ አምስቱ 975 ዋት ነው። ልዩነቱን እዩት።

ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር አትሰኩ። ገመዱን ከአሥር ደቂቃ በኋላ ዳብሱት፤ ከሞቀ ቀንሱ። የላቡ መስመር ኢርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ መከላከያ ሽቦ) እንዳለው በባለሙያ አሳዩ፤ ሲፒዩው ሲነካ የሚነዝር ከሆነ የለውም። መብረቅ ሲጀምር ማጥፋት አይበቃም፣ ንቀሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ወዲያው አትክፈቱ፤ አመጣጡ ኃይለኛ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ንቀሉ፣ አምስት ደቂቃ ቆዩ፣ ከዚያ አንድ በአንድ።

ለያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ የወረቀት ትምህርት ተዘጋጅቶ ይኑር። የኪቦርዱን የፊደል ክፍል በኤ4 ወረቀት በትክክለኛው መጠን አትሙና ለያንዳንዱ ስጡ። ጣታቸውን በወረቀቱ ላይ ያለማምዱ፣ ቤታቸውም ይውሰዱት። ካረጀ ኮምፒውተር አንዱን ፈታታችሁ «ይህ ራም ነው፣ ይህ ሃርድ ዲስክ ነው» እያላችሁ ከእጅ ወደ እጅ አሳልፉ። መብራት የሄደባቸው ቀኖች ከሁሉ የደመቁ ሆነው ያገኘኋቸው በዚህ ነው።

7. ክፍሉ ውስጥ

ሠላሳ ተማሪ፣ አሥር ማሽን። ሦስት ለአንድ። ሥራ ተካፈሉ በሏቸው፦ አንዱ እጅ ነው፣ ማውዙን ይይዛል። አንዱ ዓይን ነው፣ የት እንደሚነካ ይናገራል። አንዱ ብዕር ነው፣ ደረጃውን ደብተር ላይ ይጽፋል። በየአሥር ደቂቃው ይቀያየራሉ። ሰዓት ይዛችሁ እናንተ ካላስቀየራችሁ ግን ማውዙን የያዘው ልጅ እስከ መስከረም አይለቅም። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ወንድ ነው። ሴቶቹን በራሳቸው ቡድን አስቀምጡ፤ ውኃ መቅዳትም ወጥ መሥራትም እነሱን ስለሚጠብቅ በሰዓቱ ልቀቋቸው።

እናንተም እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጉ። ተማሪ ሲሳሳት ማውዙን ቀምቶ ማሳየት ቀላል ነው። ያኔ የሚማረው እናንተ እንደምትችሉ ብቻ ነው።

ብዙዎቹ ስልክ ያውቃሉ፣ ማውዝ አያውቁም። ስክሪኑን በጣታቸው ይነካሉ። አትሳቁ። መምህራንም አብረው ከተማሩ ለነሱ የተለየ ሰዓት አድርጉ። ሃያ ዓመት ያስተማረ ጋሼ በተማሪው ፊት «እንዲህ አይደለም» መባልን አይወድም። እሱን ለብቻው፣ ቡና እየጠጣችሁ። ወሎ ውስጥ የቡና ሰዓት የሚባክን ሰዓት አይደለም፤ የጎደለ ቁልፍ፣ የተደበቀ ፕሮጀክተር፣ ያልተነገረ ቅሬታ ሁሉ የሚወጣው እዚያ ነው። ሦስተኛው ሳይጠጣ አትነሱ።

8. ምን ይማሩ

የኮምፒውተር ታሪክና ትውልዶች ይቅሩ። በትምህርት ቤት መጽሐፋቸው አለላቸው። የሚጠቅማቸውን ሥራ አሠሩ።

የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ማውዝ፣ ኪቦርድ፣ ፋይልና ፎልደር። ፋይል ያስቀመጡበትን አለማግኘት የጀማሪ ሁሉ ችግር ነው፣ ስለዚህ አትቸኩሉ። ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት የሥራ ማመልከቻ፣ የግል መረጃ ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ። አምስተኛው ኤክሴል። እዚህ ላይ የቅሬ መዝገብ አሠሯቸው። ሌላ አገር ዕድር የሚባለው ወሎ ቅሬ ነው፤ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ድምሩ ስንት ነው። የቅሬው ጸሐፊ አባቱ የሆነ ልጅ ደብተሩን ይዞ መጣና የአንድ ዓመቱን ሒሳብ ሠራ። አንድ የመደመር ስህተት ተገኘ። ሁለት ቀን ሲወራ ከረመ። ስድስተኛው ሳምንት ስክራች፣ ወይም ኔት ካለ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ጥንቃቄ።

ለጎበዞቹ ቀጣይ መንገድ ንገሯቸው። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በነፃ ነው፣ ግን ኔት ይፈልጋል።

ሰርተፍኬት ይጠይቋችኋል፣ አይቀርም። ትምህርት ቤቱ በማህተሙ የተሳትፎ ወረቀት ይስጥ። ግን በግልጽ ንገሯቸው፦ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) አይደለም፣ እንደ ሙያ ፈቃድ አይቆጠርም።

9. ፍላሽ

በአንድ ፍላሽ አንድ ላብ ይታመማል። ፎልደሮቹ ጠፍተው በምትካቸው ሾርትከት ብቻ የሚታይበትን ቫይረስ ሳታዩት አትመለሱም። ፋይሉ አልጠፋም፣ ተደብቋል። ሾርትከቱን አትንኩ። ፍላሹን ሊኑክስ ባለው ማሽን ክፈቱ፣ የተደበቁትን አሳይ በሉ፣ የሰውየውን ፋይል ገልብጡ፣ ፍላሹን ፎርማት አድርጉ። ለዚህ አንድ ማሽን በር አጠገብ አስቀምጡ፤ ማንኛውም ፍላሽ መጀመሪያ እዚያ ይታይ።

10. የሚቀረው ሰው

በመጀመሪያ የደወላችሁለት መምህር ከቀን አንድ ጀምሮ አጠገባችሁ ይሁን። ተርጓሚ ወይም ተላላኪ አታድርጉት። በመጀመሪያው ሳምንት ያያል፣ በሦስተኛው ግማሹን ያስተምራል፣ በመጨረሻው ሳምንት እናንተ የኋላ ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ። ሲሳሳት ዝም በሉ። ይከብዳል፣ አውቃለሁ።

አንድ ማሽን በሚገባ ካስተካከላችሁ በኋላ ክሎንዚላ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉ ቅጂውን ውጫዊው ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ሌላ ማሽን ሲበላሽ በዚያ ቅጂ ይመለሳል። ይህን ግን ራሱ መምህሩ፣ በገዛ እጁ፣ ሁለት ጊዜ ያድርገው። አንዱን ማሽን አውቃችሁ አጥፉና «መልሰው» በሉት።

ከዚያ አንድ ወፍራም ደብተር ግዙ። የይለፍ ቃሎቹን፣ የትኛው ማሽን ምን አመል እንዳለው፣ ትርፍ ባትሪው የት እንደተቀመጠ፣ የመብራት ሒሳቡን በአማርኛ ጻፉበትና ቁምሳጥኑ ውስጥ ቆልፉት። አንዱ ቁልፍ መምህሩ ጋ፣ አንዱ ዳይሬክተሩ ጋ። መፍቻውም፣ ብሩሹም፣ ፍላሾቹም እዚያው ይቅሩ። ላጲሷም። ሻንጣችሁ ባዶ መሆኑ ጥሩ ነው፤ የተማሪዎቹ እናቶች በርበሬና ሽሮ ይዘው ሲመጡ ቦታ ያስፈልጋችኋል።